ሽርሽሩ ሳይጀመር ስለ ብር አውሩ!

እናንተዬ፣ ጓደኛ የሚታወቀው በችግር ቀን ነው ይባላል። እኔ ደግሞ በሽርሽርም ይታወቃል ባይ ነኝ።

አራት ሆነን ከሮቤ ዲንሾ ወጣን፤ ሁለት ሌሊት ልናድር። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው፤ ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጽዱ መሀል ስትራመዱ የደጋ አጋዘን እዚያው አጠገባችሁ ሣሩን ይግጣል። ብርዱ ግን አይጣል ነው፤ ጋቢ ያዙ።

ማታ እሳት ዳር ስለ ፈረስ ኪራይ ሲነሳ አንዷ ጓደኛችን ፊቷ ልውጥ አለ። «እኔን አሞኛል፤ እናንተ ሂዱ» አለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «አንቺ መቼም ጨዋታ ማፍረስ ልማድሽ ነው!» ስትላት ሁላችንም ጸጥ አልን። ለብቻዋ ወስጄ ብጠይቃት ከሥራ ከወጣች ሁለት ወሯ ነው። የመጣችበትንም ብር የተበደረችው ከወንድሟ ነው።

«ለምን አልነገርሽንም?» ስንላት «ማን ጠየቀኝ?» አለችን። ምን ይመለሳል?

ፈረሱን ትተን አንድ አስጎብኚ ይዘን በእግራችን ዞርን። ከ4000 ሜትር በላይ ያለው ሰነቴ፣ ከነቀይ ቀበሮው፣ ለሌላ ጊዜ ቆየ።

እናም ከመነሳታችሁ በፊት መኪናውን፣ መግቢያውን፣ አስጎብኚውን፣ አልጋውን፣ ማገዶውን ሳይቀር ደምሩና ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። የማይችል ካለ ሁለቱን ሌሊት አንድ አድርጉት።

ሁለቱ ልጆች ግን እስከ ዛሬ ሰላምታ ብቻ ናቸው።