ማሳከኩን የሚያስታግሰው የትኛው ነው?

ሳይፕሮሄፕታዲንን ከመደርደሪያ የማወርደው በአብዛኛው ለአለርጂ አይደለም። «የምግብ ፍላጎት የሚከፍተውን ስጡኝ» የሚሉኝ ይበዛሉ፤ ልጃቸው አልበላ ያላቸው እናቶች፣ መወፈር የሚሹ ወጣቶች። በቅርቡ ግን አንዲት ደንበኛ የሐኪም ማዘዣ ይዛ መጣች። ብርድ በነካት ቁጥር ቆዳዋ ችፍ እያለ ያሳክካታል። የመድኃኒቱን ስም ስታይ፣ «ይሄ የሚያወፍረው አይደል እንዴ? ለማሳከክ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ይህ መድኃኒት ሂስታሚንንም ሴሮቶኒንንም ይከላከላል። በአይጥ ላይ ቢሆን ሁለቱም ሥራው ለአለርጂ ይጠቅም ነበር። የአይጥ ማስት ሴል (አለርጂን የሚያስነሣው ሕዋስ) አለርጂ ሲነሣበት ሂስታሚንና ሴሮቶኒንን አንድ ላይ ይረጫል፤ እብጠቱም ከሁለቱም ይመጣል። የሰው ግን ይለያል። የእኛ ማስት ሴሎች የሚይዙት ሴሮቶኒን ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሰውነታችን ሴሮቶኒን ያለው በአንጀት ውስጥ ሲሆን፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ደግሞ ፕላትሌቶች ይሸከሙታል። ስለዚህ የደንበኛዬን ማሳከክ በዋናነት የሚያስታግሰው ሂስታሚንን የሚከላከለው ሥራው ነው። ሴሮቶኒንን መከልከሉ ጎልቶ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው፦ አንጎላችን «ጠግቤያለሁ» የሚለው በከፊል በሴሮቶኒን በመሆኑ፣ መልእክቱ ሲታገድ ረሀብ ይመጣል።

ለማወፈር ተብሎ ያለ ማዘዣ መወሰዱ ግን ያሳስበኛል። ክኒኑ ያስተኛል፤ አፍ ያደርቃል። የፕሮስቴት እብጠት ያለባቸውን አባቶች ሽንት ሊከለክላቸው ይችላል። ለሚያጠቡ እናቶች አይሰጥም። ፍሉኦክሰቲንን ለመሰለ የድባቴ መድኃኒት ተጠቃሚ ደግሞ፣ አንዱ ሴሮቶኒንን ሲያበዛ ሌላው ስለሚያግደው ሕክምናው ሊዳከም ይችላል። (ይኸው ጠባዩ በሴሮቶኒን መብዛት ለተመረዘ ሰው ጠቃሚ ያደርገዋል፤ እሱ ግን የሆስፒታል ሥራ ነው።) ለተራ አለርጂ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ይቀድማል፤ እንቅልፋቸው ቀለል ይላል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን በከባድ አለርጂ ጊዜ ክኒን እየፈለጉ ጊዜ ማጥፋትን ነው። ፔኒሲሊን ተወግቶ ወይም ንብ ነድፎት ጉሮሮው የሚያብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ራሱን የሚስት ሰው ሲገጥም፣ ሂስታሚንንም ሆነ ሴሮቶኒንን የሚያግድ ክኒን የወረደ የደም ግፊት አይመልስም፤ የተዘጋ የአየር ቧንቧም አይከፍትም። የሚያድነው አድሬናሊን ነው፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ በጭኑ ጡንቻ በውጪው ጎን፣ ሳይዘገይ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ወደ ጤና ተቋም እንጂ ወደ መድኃኒት ቤት መምጣት የለበትም። ክኒኑ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ፣ ትንፋሹ ሲመለስ፣ ለተረፈው ችፍታና ማሳከክ ነው።