ደረሳ ዓረብኛን እንዴት ይማራል?

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ ቁርአን ቤቶች ሰባት ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ አንድም ዓረፍተ ነገር የማይገባውን ቋንቋ አቀላጥፎ ያነባል። የሚረዝመውን ያረዝማል፣ የሚጠብቀውን ያጠብቃል፣ ከጉሮሮ የሚወጣውን ከጉሮሮው ያወጣል፤ «ምን ማለት ነው?» ቢባል ግን መልስ የለውም። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የኔታ ፊት ተቀምጦ በግዕዝ ዳዊት የሚደግመው የጎረቤቱ ልጅም ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም። በዘመናዊ ትምህርት ያለፈ ሰው ይህን ሲያይ ለፍርድ ይቸኩላል፤ ልጁ እንደ በቀቀን ለፈለፈ እንጂ አላነበበም ይላል። ፍርዱ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሹ ቋንቋ ማወቅን እንደ አንድ ወጥ ችሎታ ከመቁጠር የመጣ ነው። ድምፅን መለየት፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ መመለስ፣ የተሰማውን መረዳትና የራስን ሐሳብ ማውጣት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር ይችላል፤ ሲጋጠሙም አስቦበት የሚያጋጥማቸው ይፈልጋሉ። የወሎ ደረሳ የሚሄድበት መንገድ እነዚህን ችሎታዎች አንድ በአንድ ነጥሎ ስለሚያስተምር፣ ቋንቋ እንዴት እንደሚለመድ ለማየት እንደ እርሱ ያለ ግልጽ ምሳሌ አይገኝም።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ቁርአን መቅራት ነው፤ ፊደል ከመለየት ይነሣና ሙሉውን ቁርአን አንብቦ እስከ መጨረስ ይደርሳል። ሁለተኛው ኪታብ መቅራት ይባላል፤ ፊቅህ (የሃይማኖቱ ሕግ)፣ ነሕውና ሶርፍ (የቋንቋው ሥርዓት)፣ ከዚያም ተፍሲር (የቁርአን ትርጓሜ) የሚማሩበት ነው። ደረሳ የሚለው ስም በትክክል የሚገባው ለዚህኛው ደረጃ ተማሪ ነው፤ ቤተሰቡን ትቶ፣ ስሙ የተሰማ ሸህ ወዳለበት ሐሪማ (የትምህርትና የጸሎት ማዕከል) ተጉዞ፣ የአካባቢው ሰው በሚሰጠው ምግብ እየኖረ ይቀራል። ኑሮው ከቆሎ ተማሪ ኑሮ ጋር ይመሳሰላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያረፉት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቱት ጃማ ንጉሥ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 ያረፉት ሸህ ቡሽራ ቃሉ በተባለው አገር ያቀኑት ጌታ፣ ከዚያም ዳናና ዳዌ ከሩቅ ተማሪ የሚስቡ ማዕከሎች ነበሩ፤ ከባሌ ድረስ እየተጓዙ የመጡ ነበሩ። የታሪክ ምሁሩ ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የወሎ እስልምና ታሪክ ውስጥ እነዚህን ማዕከሎች በዝርዝር ጽፈዋቸዋል። በእኛ ንባብ ግን ብዙ ጊዜ በጸሎታቸውና በመንፈሳዊ ግጥማቸው በመንዙማቸው እንጂ በቋንቋ ትምህርታቸው አይነሡም።

የመጀመሪያውን ደረጃ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ልጁ በእጁ የሚይዘው ለውሕ የሚባል የእንጨት ሰሌዳ ነው። ኡስታዙ የዕለቱን ትምህርት ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ይጽፉለታል፤ እሱን ሲያጠራ ሰሌዳው ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ፊደሉን ካወቀ በኋላ ምልክት ይጨመርለታል። «ባ» ከላይ ፈትሃ ሲኖረው በ፣ ከታች ከስራ ሲኖረው ቢ፣ ደማ ሲኖረው ቡ እያለ ያነበንባል። ሀሁ የቆጠረ ልጅ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ተነባቢውንና አናባቢውን ማጋባት ይለምዳል። ዓረብኛው ግን አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት፤ በአማርኛ ንግግር የሌሉ ድምፆችን ማውጣት ይጠይቃል። አማርኛ ጸሐፊ «ዐ»ን እና «አ»ን በወረቀት ላይ ይለያል እንጂ በአፉ አይለይም፤ የቁርአን ቤቱ ልጅ ግን ሁለቱን በጉሮሮው ለይቶ ካላወጣ ኡስታዙ አያሳልፉትም። ስለዚህ ፊደላችን በጽሑፍ ብቻ ያቆየውን ልዩነት በድምፅ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ግዕዝ ያልተማረው ልጅ ነው።

ትርጉም የሌለው ድምፅ መማር ከንቱ ድካም ነው የሚለው ሐሳብ ሕፃን ቋንቋ እንዴት እንደሚጀምር ሲታይ አይጸናም። ጀኒ ሳፍራንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ለስምንት ወር ሕፃናት ምንም ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት ሳያቋርጡ ለሁለት ደቂቃ አሰሙ። ሕፃናቱ የትኛው ክፍለ ቃል የትኛውን እየተከተለ እንደሚመጣ ብቻ በማዳመጥ «ቃላቱን» ለይተው አወቁ። ከዚያ ቀደም ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት የባዕድ ቋንቋ ድምፆችን ይለያል፤ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ግን በዙሪያው የማይሰማውን መለየት ይተዋል። ማንኛውም ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የጀመረው ድምፁን ከትርጉሙ አስቀድሞ ነው ማለት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሕፃን አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት ነው። ሕፃን ድምፁን የሚሰማው ሲበላ፣ ሲታቀፍ፣ ሲጫወት ስለሆነ ትርጉሙ ሳይቆይ ይደርሳል፤ የለውሑ ልጅ ግን ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። ቢሆንም ያገኘው ነገር ባዶ አይደለም፤ ጆሮውና ምላሱ ለቋንቋው ተዘጋጅተዋል። ይህን ዝግጅት በጉልምስና ለማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር በሃያ ዓመቱ ዓረብኛ የጀመረ ሁሉ ያውቀዋል።

ወሎዎች በዚህ ላይ አጥብቀው የያዙት ሌላ ደንብም አለ፤ ቂርአት (የቁርአን ንባብ) ከሰው አፍ እንጂ ከወረቀት ብቻ አይወሰድም። ሸህ ሳይኖረው ከኪታብ የተማረ ሰው አይታመንም። ይህ የሥልጣን ጥበቃ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ አንዳንዴ ነውም። ግን ፓትሪሻ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡትን ውጤት ላስተዋለ ደንቡ ሌላ ምክንያት አለው። ዘጠኝ ወር የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ተናጋሪ አጠገባቸው ተቀምጣ በአሥራ ሁለት ጊዜ ስታጫውታቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ፤ ያንኑ ነገር በቴሌቪዥን ያዩት ግን ምንም አልተማሩም። ዛሬ በስልክ የተቀረጸ ቂርአት እንደ ልብ በሚገኝበት ጊዜ ይህን ማስታወስ አይከፋም።

አሁን ወደ በቀቀኑ ክስ እንመለስ። ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 አንብቦ መረዳትን የሁለት ነገሮች ብዜት አድርገው አቀረቡት፤ አንዱ ፊደሉን ወደ ድምፅ መመለስ፣ ሌላው የሚሰማውን ቋንቋ መረዳት ነው። ብዜት ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። የቁርአን ቤቱ ልጅ የመጀመሪያው ሞልቶለት ሁለተኛው የጎደለው ነው። የእርሱ ተቃራኒ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይገኛል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንድ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች በቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ ሙሉ ነው፤ ተረት ይሰማሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይቀልዳሉ። የጎደላቸው ያ ለለውሑ ልጅ የተረፈው ነገር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንደኛውን «ያነባል» ሌላውን «አያነብም» ብሎ ለመፍረድ ይቸገራል። አሮጌውን ትምህርት ቤት በትርጉም ጉድለት የምንከስ ከሆነ፣ አዲሱንም በፊደል ጉድለት በእኩል ድፍረት መክሰስ ይገባናል።

ደረሳውን ከለውሑ ልጅ የሚለየው ትርጉሙ የሚመጣበት መንገድ ነው፤ ይህ የትምህርቱ እምብርት ነው። ድልድዩ ነሕው ይባላል፤ የዓረብኛ ሰዋስው ማለት ነው። ደረሳው እ.ኤ.አ. በ1323 ካረፈው የሞሮኮ ሰው ከኢብን አጁሩም አጭር መጽሐፍ ይጀምራል፤ ከበረታ አንድ ሺህ ያህል መስመር ግጥም እስካለው የኢብን ማሊክ አልፊያ ይደርሳል። ምሳሌው በመላው ዓለም የታወቀው «ደረበ ዘይዱን ዐምረን» ነው። ዘይድ ዐምርን መታ። ዓረብኛው ግሡን ያስቀድማል፣ አማርኛው ያስከትላል፤ ስለዚህ ደረሳው ማን መታ፣ ማን ተመታ የሚለውን በለመደው የቃል ቅደም ተከተል ማወቅ አይችልም። መፍትሔው በስሙ መጨረሻ ያለው ድምፅ ነው፤ «ኡን» ያለው መቺ፣ «አን» ያለው ተመቺ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ደረሳ ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ በራሱም ቋንቋ ተመቺው «ን» ተጨምሮበት «ዐምርን» ይሆናል። ሸሁ ሐረጉን በዓረብኛ ያነባሉ፣ ቃል በቃል በአማርኛ ይፈቱታል፣ ለምን ኡን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ኦሮምኛ በሚነገርበት ወገን ደግሞ ፍቺው በኦሮምኛ ይሆናል። ትርጉም የገባው በአፍ መፍቻ ቋንቋ በኩል ነው። ለዓመታት ያለ ትርጉም የተሸከመው ኡ እና አ ያን ቀን ሥራ ይይዛል። (ሰዋስው መምህራን ስለ ምን ጠብ እንደሚወዱ ግን ሊገባኝ አልቻለም፤ የነሕው ሰው ሲመታ ይውላል፣ የግዕዙም መምህር ግስ የሚያስወርደው ከ«ቀተለ» (ገደለ) ጀምሮ ነው።)

ለዚህ የሚቀርበው ከባዱ ተቃውሞ፣ ሃያ ዓመት ኪታብ የቀራ ሰው ጅዳ ገበያ ላይ ዳቦ ለመግዛት ይቸገራል የሚለው ነው። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ኪታቡን አገላብጠው የሚተነትኑ፣ ወሬ ለማውራት ግን የሚቸገሩ ሊቃውንት መኖራቸው አያስገርምም። መረዳትና መናገር በአእምሮም ቢሆን አንድ ቤት የላቸውም። የፈረንሳዩ ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 የመረመረው ሕመምተኛ የሚባለውን ይረዳ ነበር፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» የምትል ክፍለ ቃል ብቻ ነበረች። ካርል ቬርኒከ እ.ኤ.አ. በ1874 የገለጻቸው ሕመምተኞች ደግሞ በተቃራኒው ንግግራቸው እየፈሰሰ መረዳቱ የጠፋባቸው ነበሩ። ሐሪማው የተቋቋመው መጽሐፍ ለመረዳት ነው፤ የሚመዘነውም በዚያው ነው። መናገርን ዓላማው ያደረገ ትምህርት ሌላ አሠራር ይፈልጋል፤ የዚያ አሠራር ምሳሌም ሩቅ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቅኔ ቤት ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ ወደ ላይ ወደ ዋድላ ሲወጡ ደግሞ በቅኔ ስሙ የገነነ አገር ይገኛል። የቅኔ ተማሪ ግስ ያወርዳል፣ አገባብ ይማራል፤ በዚያ ግን አይቆምም። ከሁለት መስመሩ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ የራሱን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል፣ በስምንት መስመሩ መወድስ ይበረታል። በልደቱ ማንም የማይናገረው ግዕዝ አዲስ ዓረፍተ ነገር እንዲወልድ የተደረገው በዚህ ዕለታዊ ግዴታ ነው።

ደረሳውስ ምንም አልፈጠረም? በዓረብኛ የገጠሙ የወሎ ሊቃውንት አሉ፤ ብዙው ፈጠራ ግን ወደ አማርኛ ዞረ። በዓረብኛ ፊደል አማርኛ መጻፍ፣ ማለትም ዐጀሚ፣ የመጣው ከዚህ ነው። በቁርአን ቤት የተገኘው የፊደል ችሎታ ከሚገባ ቋንቋ ጋር ሲጋጠም ምን እንደሚሆን ዐጀሚ ያሳያል። ሥራው ቀላል አልነበረም። ለጨ፣ ለጰ፣ ለኘ ዓረብኛ ፊደል ስለሌለው ጸሐፊዎቹ በነባሮቹ ላይ ነጥብ ጨመሩ፤ አማርኛ ሰባት አናባቢ ሲኖረው የፈትሃ፣ የከስራና የደማ ምልክቶች ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንባቢው ቃሉን የሚለየው ከምልክቱ ብቻ ሳይሆን ቋንቋውን በማወቁ ነው። በቁርአን ቤት ድምፅ ያለ ትርጉም ይነበብ ነበር፤ በዐጀሚ ትርጉሙን ያላወቀ ድምፁንም አያገኝም። ከደሴ አፍንጫ ሥር በቦሩ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1878 ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም በግድ ክርስትና ሲያስነሡ፣ ከተቃወሙት አንዱ የነበሩት ሸህ ጦልሐ ጃዕፈር መንዙማቸውን የገጠሙት በአማርኛ ነው። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊም እ.ኤ.አ. በ1926 የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ መንዙማ ሰብስቦ አሳትሟል። ዓረብኛ ያልገባው ገበሬና እረኛ ሃይማኖቱን ያወቀው በአብዛኛው ከዚህ ነው።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጉድለት ሊደበቅ አይገባም፤ አብዛኛው ልጅ በለውሑ ይቆማል። ነሕው የሚደርሰው ጊዜና ስንቅ ያለው ጥቂቱ ነው፤ ሴት ልጆች ለሐሪማ ኑሮ ብዙም አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ ድልድዩ መኖሩ ሁሉም ተሻግሯል ማለት አይደለም። ይህ ጉድለት ግን በከተማው ዘመናዊ ክፍልም አለ። በደሴም በኮምቦልቻም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። የባዮሎጂ መጽሐፉን ጮክ ብሎ አጥርቶ የሚያነብ፣ ምን እንዳለ ሲጠየቅ የሚቸገር ተማሪ የሰባት ዓመቱ የቁርአን ቤት ልጅ ታላቅ ወንድም ነው። ልዩነቱ ሸሁ ቃል በቃል በአማርኛ የሚፈቱት ትምህርቱ እንዲህ ስለተሠራ ነው፤ የባዮሎጂ መምህሩ በአማርኛ የሚያስረዳው ግን ደንቡን እየጣሰ፣ ደወሉ ሳይደወል ቶሎ ብሎ ነው። እንግሊዝኛ ሕያው ቋንቋ ስለሆነ በንግግር እንጂ በፍቺ መማር የለበትም የሚል ሰው ይኖራል። ተማሪው እንግሊዝኛ የሚያነጋግረው ሰው በደሴ ፒያሳና ሸዋበር በየቀኑ ቢያገኝ ኖሮ ልክ ነበር፤ ፓትሪሻ ኩል ያጠናቻቸው ሕፃናትም የተማሩት ከሚያነጋግራቸው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሌለበት ከተማ ግን በአማርኛ መፍታት በድብቅ የሚሠራ ነገር መሆኑ ቀርቶ በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ የራሱ ሰዓት ሊሰጠው ይገባል።