ከወረታ እስከ ጨጨሆ፦ ጋቢና ውስጥ የሚወራው

ከባሕር ዳር ወደ ወልዲያ የምትሄዱ ከሆነ ጠጋ በሉኝ፤ በዚህ መስመር መሪ የያዝን ሰዎች እርስ በርስ የምናወራውን ልንገራችሁ። በፎገራ ሜዳ እንቅልፍ ቢወስዳችሁ ግድ የለም፤ ከደብረ ታቦር በኋላ ግን ንቁ። ቀኝ ወንበር ያዙ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና በዚያ በኩል ነው።

ሰው ሁሉ ‹‹የቻይና መንገድ›› ይለዋል። እውነት ነው፤ ከወረታ እስከ ወልዲያ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። አንጋፋ ሹፌሮች ለረዳቶቻቸው የሚነግሩት ታሪክ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። እዚያው አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ፣ አብሯቸው ነበር። የበቅሎ መንገድ ሰረገላ አያሳልፍም። ስለዚህ ከፊት ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ዳገቱ እየተደለደለ፣ ከኋላ መድፉ በጠፍር ይጎተታል። ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። በጋይንት አልፈው፣ ጨጨሆን ተሻግረው፣ ዋድላ ወጡ፤ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኗል። ግማሽ ዓመት ገደማ የፈጀ ጉዞ ነው።

ጨጨሆ ላይ ለምን እንዳለፉ መሪ የያዘ ሰው ይገባዋል። እዚያ መንገዱ የተራራውን ጀርባ ይዞ ይሄዳል፤ በግራ የሚወርደው ዝናብ ለተከዜ፣ በቀኝ የሚወርደው በበሽሎ አድርጎ ለዓባይ ይገባል። ከዚያ ጀርባ የወረደ ሁሉ ገደል ይጠብቀዋል። የቻይና መሐንዲሶችም ከ100 ዓመት በኋላ ያንኑ ጀርባ ያዙ።

ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናወራው የሚቀጥለውን ነው። ከሰሜን የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ዋድላ ላይ ይህንኑ የንጉሡን መንገድ አገኘ፤ ጅዳንም የወረደው በእሱ ነው። በዚያ ሁሉ ላብ የተጠረገው መንገድ ለጠላትም አገለገለ። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ።

‹‹ቻይና ሠራው›› የሚላችሁን አትከራከሩ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግን ጨጨሆ ስትደርሱ ቀስቅሷቸውና በዚህ ዳገት መጀመሪያ ሰረገላ ያሳለፉት ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ወታደሮች መሆናቸውን ንገሯቸው። የመንገዱ ታሪክ ከእነሱ መጀመር አለበት።