የሱቁ መሳቢያና የቤቱ ጓዳ



ባለፈው የታክስ ወቅት አንድ የሱቅ ባለቤት ደንበኛዬ ደረሰኞቹን በፌስታል ሸክፎ ቢሮዬ መጣና «ሱቁ አተረፈ ትለኛለህ፤ ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ?» አለኝ። በዕድሜ ታላቄ ነው። እሱና ሚስቱ፣ አምስት ልጆቻቸውና የሚስቱ እናት፣ በድምሩ ስምንት ሰዎች ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ለምግብ በወር ስንት እንደሚያወጡ ብጠይቀው የባንክ ካርዱን ወረቀት ገልጦ «640 ዶላር» አለ። አብራው የመጣችው ሚስቱ ሳቅ አለችና «እሱ የሚያውቀው በካርድ የተከፈለውን ነው» አለች።

እውነቷን ነበር። ለአራት ሳምንት ከካሽ ሬጂስተሩ ሥር አንድ ደብተር እንዲቀመጥና ወደ ቤት የሚሄደው ሁሉ እንዲጻፍበት ተስማማን። ጊዜው ሲያልቅ ደብተሩ ያሳየው ይህንን ነው፦ ከሱፐርማርኬት በካርድ 640፣ «ለወተት፣ ለዳቦ» እየተባለ ከመሳቢያው የወጣ ጥሬ ገንዘብ 385፣ ከሱቁ መደርደሪያ የተነሣ ዕቃ በመግዣ ዋጋው 290፣ ውጭ የተበላ 265፤ በጠቅላላው 1,580 ዶላር። ሰውየው የማያውቀው 940 ዶላር በየወሩ ወደ ሆድ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ቤተሰቡ አባካኝ ሆኖ አይደለም። ደመወዝተኛ በየሁለት ሳምንቱ ቼኩን ተቀብሎ ያንኑ ያብቃቃል፤ በግሉ ለሚሠራ ሰው ግን ገንዘቡ በየቀኑ ስለሚገባ በየቀኑ ይወጣል፣ ድምሩንም ማንም አያየውም።

ከመደርደሪያው ስለሚነሣው ዕቃ ጥቂት ልጨምር፤ ነገሩ ከጓዳ አልፎ ከታክስ መሥሪያ ቤት ጋር ያገናኛልና። ብዙ ባለሱቆች «የራሴ ዕቃ ነው» ይላሉ። የራስዎ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሱቁ ሲገዛው በንግድ ወጪነት ተይዟል። ስኬጁል ሲ በተባለው ቅጽ 36ኛ መስመር ላይ፣ ለግል ጥቅም የተነሣ ዕቃ መግዣ ዋጋ ከዓመቱ ግዢ እንዲቀነስ በግልጽ ታዟል። የደንበኛዬ በወር 290 ቢሆን በዓመት 3,480 ዶላር ይሆናል። ይህ ሳይቀነስ ቀርቶ መርማሪ ቢመጣ የሚያገኘው የተገዛ፣ ሽያጩ ያልተመዘገበ፣ በመደርደሪያም የሌለ ዕቃ ነው። ሱቁ በመግዣው ላይ 30 በመቶ የሚጨምር ከሆነ፣ 4,524 ዶላር የተደበቀ ሽያጭ አድርጎ ሊያሰላው ይችላል። ልጆቼ የበሉት ሩዝና ዘይት ነው ብሎ ማስረዳት የሚቻለው ደብተሩ ካለ ነው። ሳሙናና የወረቀት ፎጣን የመሳሰለው ደግሞ ለሽያጭ ነው ተብሎ ያለ ሽያጭ ታክስ የተገዛ ስለሆነ፣ ወደ ቤት ሲወሰድ ታክሱን ራስዎ መክፈል ይኖርብዎታል።

ታክሲ ለሚነዱትም አንድ ነገር ልበል። በከተማው ሲሠሩ ውለው ማታ ቤትዎ የሚገቡ ከሆነ፣ የምሳዎ ዋጋ በሥራ ወጪነት አይያዝም። በየዓመቱ የምሳ ደረሰኝ በላስቲክ አስረው የሚያመጡልኝ አሉ፤ እያዘንኩ እመልስላቸዋለሁ። በቀን 14 ዶላር፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት ቢሉ 4,200 ዶላር ነው። 15.3 በመቶ የሚባለውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ከፍለው 4,200 በእጅዎ እንዲቀር፣ ከቤንዚንና ከኢንሹራንስ በኋላ ወደ 4,900 ዶላር ማትረፍ አለብዎት። የገቢ ታክሱ ገና አልተነካም። ከቤት በምሳ ዕቃ የተያዘ ፍርፍር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ መሳቢያውንና ጓዳውን መለየት ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ይሁን፣ ከንግዱ ሒሳብ ወደ ቤቱ ሒሳብ የተወሰነ ገንዘብ በቼክ ያስተላልፉ። ይህ ወጪ ሳይሆን ባለቤቱ ከትርፉ ያነሣው ገንዘብ ተብሎ ይመዘገባል። ሳምንቱ ሳያልቅ ገንዘቡ ካለቀ ጓዳ ባለው ይታለፋል እንጂ ሬጂስተሩ አይከፈትም። ደንበኞቼ በሳምንት 300 ዶላር ብለው ጀመሩ፤ በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ አፍርሰውታል።

ሁለተኛው በጓዳው ውስጥ ገንዘቡ የሚፈስበትን ቦታ መፈለግ ነው፤ በእኛ ቤት ከሁሉ በፊት የሚታየው እንጀራ ነው። ስምንት ሰው በቀን 12 እንጀራ ቢበላ በወር 360 ነው። ተጋግሮ በሚገዛውና ቤት በሚጋገረው መካከል ያለው ልዩነት በአንዱ 60 ሳንቲም ብቻ ቢሆን 216 ዶላር ይሆናል። በሚገበዩበት ሱቅ ዋጋ ራስዎ ያስሉት። ሲያሰሉ የጤፉን፣ ወይም ከገብስና ከስንዴ ጋር የደባለቁትን ዱቄት፣ መብራቱንና የተበላሸውን ሊጥ ይጨምሩ። የጋጋሪዋንም ሰዓት። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህን መዝለል አልችልም፦ ከሥራ ደክማ የመጣች ሴት ምጣድ ላይ የምታጠፋው አራት ሰዓት በነጻ የተገኘ አይደለም። ደንበኞቼ ከአንድ ጎረቤት ቤተሰብ ጋር ሳምንት በሳምንት እየተፈራረቁ ለሁለቱም ቤት ይጋግራሉ፤ ባልየውም ሊጥ ማቡካት ለምዷል። የደረቀውም ድርቆሽ ይሆናል እንጂ አይጣልም።

የሚገርመኝ፣ ለሱቁ ሲገዛ በካርቶን ላይ በሳንቲም የሚከራከር ነጋዴ ለቤቱ ሲሆን የፊቱን ዋጋ ብቻ አይቶ ያነሣል። በሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ በትንሽ ፊደል የአንድ ፓውንድ ወይም የአንድ አውንስ ዋጋ ይጻፋል፤ እሱን ያንብቡ። ትልቁ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። የ50 ፓውንድ ሽንኩርት ጆንያ ሩቡ ከበሰበሰ ከትንሹ ከረጢት ሊወደድ ይችላል። ምስር፣ ክክ፣ ሽሮና ሩዝ ግን አይበሰብሱም፤ እነሱን በጅምላ ይግዙ። ተማሪ ሳለሁ አራት ሆነን ክረምቱን በአንድ ጆንያ ምስር ወጥተነዋል፤ ለዓመታት ምስር ማየት አልፈለግሁም እንጂ አልተራብንም።

ጾም ለሚጾሙ ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴም 55 ቀን፣ ሥጋና ቅቤ ስለሚቀር ወጪው መውረድ አለበት። የማይወርደው ብዙውን ጊዜ በሥጋው ፋንታ ውድ ዓሣ ስለሚገባ ነው። ረመዳን ደግሞ ለአፍጥር እንግዳ ስለሚጠራበት ወጪው ይጨምራል፤ ከወራት በፊት በየሳምንቱ ጥቂት እያሉ ያስቀምጡለት።

ለበዓል በቅርጫ መግባት ጥሩ ነው፤ የአንዱ ፓውንድ ሥጋ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። የመንግሥት የሥጋ ምርመራ ሳይደረግበት ለባለቤቶቹ ብቻ የሚታረድ ከብት ሥጋው «ለሽያጭ አይውልም» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ለባለድርሻዎቹ፣ ለቤተሰቦቻቸውና በነጻ ለሚጋበዝ እንግዳ ይበላል እንጂ፣ የተረፈውን አምጥቶ በሱቅዎ ወይም በምግብ ቤትዎ መሸጥ ሕገ ወጥ ነው።

በመጨረሻ፣ ኩራት ወይም ፍርሃት ብዙ ወላጆችን ያስቀረባቸው ነገር የትምህርት ቤት ምሳ ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ልጆች ሁሉ በነጻ ይበላሉ። በሌሎቹ ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል፤ ቅጹ ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታዎ አይጠይቅም፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ሰውም የለኝም ብሎ ምልክት ያደርጋል። በ2025/26 የትምህርት ዓመት ስምንት ሰው ላለው ቤተሰብ የዓመት ገቢው እስከ 70,395 ዶላር ከሆነ ምሳው በነጻ፣ እስከ 100,178 ከሆነ ቢበዛ በ40 ሳንቲም ነው። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በግሉ የሚሠራ ሰው የሚጽፈው ከንግድ ወጪ በኋላ የቀረውን ነው። ታክሲ ነጂው የሰበሰበውን ሁሉ፣ ባለሱቁም የሸጠውን ሁሉ እየጻፈ ልጆቹን ራሱ ያስከለክላል።

የፉድ ስታምፕ ጉዳይ ይለያል። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ግሪን ካርድ ያላቸው ከ18 ዓመት በታች ልጆች አይጠብቁም። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገቡትን ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ከልክሏቸዋል። የመንግሥት ርዳታ በግሪን ካርድ ማመልከቻ ላይ የሚያስከትለውን ነገር የሚመለከተው ደንብ በ2019 ጠብቆ፣ በ2022 ላልቶ፣ በ2025 መጨረሻ የ2022ቱን ለመሻር ሐሳብ የቀረበበት ስለሆነ፣ ማመልከቻ ያለበት ሰው ፎርም ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

የምሳው ቅጽ በየዓመቱ ይታደሳል። ያለፈው ዓመት ፈቃድ የሚያገለግለው አዲሱ ዓመት ከተጀመረ በኋላ ቢበዛ ለ30 የትምህርት ቀናት ነው፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከልጆቹ ቦርሳ ውስጥ ያሉትን ወረቀቶች ሳያዩ አይጣሉ።