ሐኪም ማሠልጠንና ሠልጣኙን መጠበቅ

ለረጅም ጊዜ ሐኪም መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ግድ ይለው ነበር። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተማሩት በያኔዋ ህንድ፣ ላሆር ከተማ ነው፤ ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ። ዛሬ ከሃያ የሚበልጡ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች እዚሁ አገር ውስጥ ሐኪም ያስመርቃሉ። ሥልጠናው ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ብዙ ተጽፏል፤ ሠልጣኙ በምን ዓይነት ጤና ላይ ሆኖ እንደሚማር ግን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። ሁለቱ በእኔ እምነት አንድ ጉዳይ ናቸው።

የአገር ውስጡ ሥልጠና መሠረት የተጣለው ጎንደር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ ትብብር ጋር ሆኖ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈተ። ጊዜው በጎንደር አቅራቢያ ያለውን የደንቢያን ሜዳ ሕዝብ የወባ ወረርሽኝ የፈጀበት ነበር። ኮሌጁ በዋናነት ያስመርቅ የነበረው የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ሲሆን፣ ሦስቱ አብረው ሠልጥነው አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር። መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ዶክተር በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ገጠሩን የደረሱለት እነዚህ ናቸው፤ ውለታቸው በሚገባው ልክ ተነግሯል ብዬ አላምንም።

የመጀመሪያው የሕክምና ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ በኤድንብራ የተማሩት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው። በኋላም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የሕክምና ትምህርት ተነጣጥለው የማይጠሩ ሆኑ። ጎንደርም እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ።

ጅማ ላይ የተሠራውን ግን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን በማኅበረሰብ ላይ መሠረተ። ተማሪው ገና ከጅምሩ መጠይቅ ይዞ በቡድን ወደ ቀበሌ ይወጣል። ቤት ለቤት እየዞረ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ልጆቹ መከተብ አለመከተባቸውን ይጠይቃል፤ ጓሮ ገብቶ መጸዳጃ ቤቱን በዓይኑ ያያል። የሰበሰበውን ይደምራል፣ የትኛው ችግር እንደሚቀድም ከነዋሪው ጋር ይመክራል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ደግሞ ዕቅድ ይዞ ይመለሳል። ወደ መጨረሻው ላይ የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ባንድነት ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። የተቅማጥ በሽታን ከመጽሐፍ ያነበበና የታመመውን ሕፃን ቤት የውኃ ጀሪካን ከፍቶ ያየ ተማሪ እኩል አያውቁም። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ይህን አሠራር በየፊናቸው ወስደውታል፤ ለመስክ የሚሆን መኪናና አበል ሲታጣ ግን ቀድሞ የሚቆረጠው እሱ ነው።

እስከ አዲሱ ምዕተ ዓመት መግቢያ ድረስ የሐኪም ሥልጠና ሸክም በዋናነት የወደቀው በእነዚህ ሦስት ተቋማት ላይ ነበር። ከዚያ መስፋፋቱ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሌላ የሳይንስ ዘርፍ ዲግሪ የያዙ ሰዎች ባጠረ ጊዜ ሐኪም የሚሆኑበት አዲስ ሥርዓተ ትምህርት በ13 ተቋማት ተጀመረ። ሐኪም እጅግ ለሚያንሳት አገር መስፋፋቱ ያስፈልግ ነበር፤ አሁንም ይህን የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ይህ ነው፦ የመማሪያ ክፍልና ዶርም ቶሎ ይሠራል፤ የታካሚ አልጋና ልምድ ያለው ሲኒየር ሐኪም ግን በዚያ ፍጥነት አይገኝም። በራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ሰዓት አንድ አልጋ ከበው የሚቆሙትን ተማሪዎች ያየ ሰው ይገባዋል። የፊተኞቹ ጉበቱን ዳስሰው ያውቁታል፤ ከኋላ በእግር ጣቱ የሚንጠራራው የሚያየው የጓደኛውን ጋዋን ነው። ታካሚውም በቀን ስንት እጅ ይዳስሰው?

በነባሩ መንገድ የሚሄድ ተማሪ ፒሲ ዋንና ፒሲ ቱን (የቅድመ ክሊኒክ ዓመታቱን) በአናቶሚ፣ በፊዚዮሎጂና በመሳሰሉት ያሳልፋል፤ ከዚያ ሲ ዋንና ሲ ቱ (የክሊኒክ ዓመታቱ) ላይ ዋርድ፣ ማለትም የታካሚዎች ክፍል፣ ይገባል፤ የብቃት ፈተናዎቹን ካለፈ ኢንተርን ይሆናል። ኢንተርን ማለት የማስተማሪያ ሆስፒታሉ እጅና እግር ነው። ደም ይቀዳል፣ ናሙናውን ራሱ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይሮጣል፤ የመተንፈሻ መሣሪያ ሲታጣ አምቡ ባግ (በእጅ የሚጨመቅ የመተንፈሻ ከረጢት) እየጨመቀ ያድራል፤ ሲነጋ ደግሞ በሞርኒንግ (በጠዋቱ ስብሰባ) ሌሊት የገቡትን ታካሚዎች በመምህራኑ ፊት ቆሞ ያቀርባል። እዚያ ላይ የሚሰነዘርበት ጥያቄ አንዳንዴ ያስተምራል፣ አንዳንዴ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢንተርኖችና ሐኪሞች ጋዋናቸውን ለብሰው በአደባባይ ድምፃቸውን ያሰሙት ክፍያና የሥራ ሁኔታን የመሳሰሉ ጥያቄዎችን ይዘው ነበር። በዚያው ዓመት የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የሚያስፈልገው አገር አቀፍ ፈተናም ተጀመረ። ቀድሞ ተመራቂ ዕጣ አውጥቶ በየክልሉ ይመደብ ነበር፤ ዛሬ ተመርቆና ፈተናውን አልፎ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት ሐኪም አለ።

አሁን ወደ ሠልጣኙ ጤና ልምጣ። ግቢዎቻችን በአብዛኛው የተማሪ ክሊኒክ አላቸው፤ ለራስ ምታት፣ ለጨጓራና ለታይፎይድ ይሠራል። የሕክምና ተማሪው አደጋ ግን ሌላም ነው። ደም ሲቀዳ መርፌ ሊወጋው ይችላል፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ዙር ሆኖ ስድስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ዋርድ ከገባ በኋላ መጀመር መዘግየት ነው፤ ፒሲ ቱ ሳያልቅ መጠናቀቅ አለበት። ኤችአይቪ ላለበት ሰው በዋለ መርፌ የተወጋ ተማሪም መከላከያ መድኃኒቱን በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጀመር ይኖርበታል። እኩለ ሌሊት ላይ የትኛው ክፍል ሄዶ፣ ማንን ቀስቅሶ መድኃኒቱን እንደሚወስድ ያልተነገረው ኢንተርን ይህን ጊዜ በሐፍረትና በዝምታ ያሳልፈዋል። ይህ በአንድ ገጽ ማስታወቂያ የሚስተካከል ነገር ነው፤ በመጓደሉ የማዝነውም ለዚህ ነው።

የእንቅልፍና የጭንቀት ጉዳይም ሌላ ጣጣ አለው። ጨበሳ (ሌሊቱን ሲያጠኑ ማደር) ለሕክምና ተማሪ የፈተና ሰሞን ልማድ ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል። ከጨበሳው ጋር ጫትም የሚለምድ አለ፤ ከዚያ እንቅልፉ ይዛባል፣ ምግብ ያስጠላዋል። ዲስሚሳል (ከትምህርት መባረር) ይፈራል፤ ቤተሰቡ፣ አንዳንዴም ሰፈሩ በሙሉ፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት «ዶክተር» እያለ ስለሚጠራው ደክሞኛል ማለት ይከብደዋል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች የሕክምና ተማሪዎች ላይ ድብርት ከፍ ብሎ እንደሚታይ ደጋግመው አሳይተዋል። የእኛዎቹ ከዚህ የሚያመልጡበት ምክንያት አይታየኝም።

የአእምሮ ጤና ባለሙያው ደግሞ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ያሠለጥናል፤ ጎንደርና ጅማም በዘርፉ ባለሙያ ያፈራሉ። ተማሪውን ከመታከም የሚያስቀረው በብዛት የሚያክመው ሰው ማንነት ነው። ካርዱን የሚያወጣለት የሚያውቀው ሠራተኛ ነው፤ በር ላይ ተሰልፎ የሚያየው የክፍል ጓደኛው ነው፤ ውስጥ የተቀመጠው በሚቀጥለው ወር ውጤት የሚሰጠው ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) ወይም ሲኒየር ነው። ስለዚህ አንድ ግቢ ለተማሪዎቹ የምክር አገልግሎት እከፍታለሁ ሲል ቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው በሳምንት የታወቁ ሰዓቶችን፣ ከዋርዱ ራቅ ያለ ክፍልን፣ ተማሪውን የማያስተምርና የማይፈትን ባለሙያን፣ እንዲሁም ከሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ጋር የማይገናኝ መዝገብን ነው።