ይህ ቤት የማን ነበር?

ጎንደር ውስጥ ከአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ፊት ቆሞ «ይህ ቤት የማን ነበር?» የሚል ሰው ሁለት ጥያቄ በአንድ አፍ ነው የሚጠይቀው። ባለቤቱ ማን ነበር? ማንስ ኖረበት? የሁለቱ መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ አይገኝም። የባለቤቱ ስም ወረቀት ላይ ነው፤ የነዋሪው ስም ደግሞ ጎረቤት አፍ ላይ።

ከጎረቤት መጀመር ይሻላል፤ ወረቀት ይጠብቃል፣ ሽማግሌ ግን አይጠብቅም። አጠያየቁ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «እማማ፣ የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነበር?» ብለው የጀመሩ እንደሆነ የመጡት ለክርክር ይመስላል፤ እናቲቱም አፋቸውን ይይዛሉ። «ልጅ ሆነው እናትዎ ቡና ከማን ጋር ነበር የሚጠጡት?» ቢሏቸው ግን በር በበር ይቆጥሩልዎታል። ዓመተ ምሕረት አይጠሩም፤ «በጣሊያን ጊዜ» ይላሉ። ጣሊያን ጎንደርን ይዞ የቆየው ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ይህች አንዲት ቃል የስድስት ዓመት ያህል ወሰን ታበጃለች። የሰፈሩ ዕድር የድሮ መዝገቡን ካስቀመጠ ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው፤ ተከራይም ሆነ ባለቤት፣ መዋጮ የከፈለ ሁሉ ስሙ አለበት።

ወደ ወረቀቱ ስንገባ የመጀመሪያው በር 1967 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ ከመኖሪያው ሌላ ቤት የነበረው ሰውም «ትርፍ ቤቱ» ተወረሰበት። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነ ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ስለዚህ ቤቱ ያን ጊዜ ስንት ብር ይከራይ እንደነበር ማወቅ ፋይሉን የት እንደምንፈልግ ይነግረናል። ከአዋጁ በኋላ የኪራይ ደረሰኙ የሚያወጣው የነዋሪውን ስም ብቻ ነው። የቀድሞውን ባለቤት ለማግኘት የርክክቡን ወረቀት፣ ከማዘጋጃ ቤት የቆየውን ፋይል፣ ወይም ወራሾች ቤት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ኑዛዜና የሽያጭ ውል መፈለግ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ሲኬድ ፍለጋው ቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ እኔ ከሁሉ የምወደውም ይህን ክፍል ነው። በጎንደር ዘመን መሬትና ቦታ ሲሸጥ ሽያጩ የሚጻፈው በደብሩ መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር። ሻጭ፣ ገዥ፣ ዋጋው በወርቅ ወቄት ወይም በአሞሌ፣ ከዚያም የዳኞችና የምስክሮች ስም፣ በመጨረሻም ውሉን የሚያፈርስ ላይ የሚወርድ ውግዘት። ሴቶች ገዥም ሻጭም ሆነው በብዛት ይገኙበታል። ስለዚህ የቤቱን ታሪክ በቤቱ ስም ብንፈልገው አናገኘውም፤ መጀመሪያ ቦታው የየትኛው ደብር እንደነበር ማወቅ አለብን።

ጽሑፉ ላይ «በዘመነ ኢያሱ፣ በማቴዎስ» የሚል ብቻ ቢገኝ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ንጉሡ ዳግማዊ ኢያሱ መሆኑ ከታወቀ፣ የነገሠው እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1755 ነው። ዘመነ ማቴዎስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመጣ ከሃያ አምስቱ ዓመት የሚቀሩት ስድስት ያህል ናቸው። በምስክርነት የተጠራው አለቃ የተሾመበት ጊዜ ከታወቀ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ላይ ይደረሳል። ይልቅ የሚያስቸግረው ስም ነው። የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፤ በዚያ ላይ ሰፈሩ በአንድ ስም የሚጠራት ሴት መጽሐፉ ላይ በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ሆና ልትመጣ ትችላለች፤ ወለተ ማርያም ደግሞ ስንት አለች!

መጽሐፉ ራሱም ከደብሩ ላይገኝ ይችላል። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያስዘርፉ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ፤ በ1860 እንግሊዞች ከፊሎቹን ከመቅደላ ወደ ለንደን ወሰዱ። በ1880 ደግሞ ደርቡሾች ከተማዋን አቃጠሉ። በዚህ ምክንያት የአንድ ጎንደር ሰፈር የቦታ ውል ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር እነዚህን የኅዳግ ጽሑፎች ጎንደርም ለንደንም እያገላበጠ ለዓመታት ሠርቶባቸዋል።

ወደ ዳባትና ደባርቅ ደጋ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። የገጠር ጎጆ ራሱ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሣሩ ይታደሳል፣ ምሰሶው ይነቀላል፣ የሚቆየው ቦታው ነው። ርስት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም ትውልድ ተቆጥሮ ስለነበር፣ የድሮ ሰው ሰባትና ስምንት ትውልድ በቃሉ ይዞ ዳኛ ፊት ይቆም ነበር። ያ ቆጠራ ዛሬም ከአንዳንድ ሽማግሌዎች ዘንድ ይገኛል። ተከራካሪ ሊረታበት የቆጠረው መሆኑን ግን መርሳት አይገባም፤ ከሌላው ወገንም መስማት ነው።

ርስት ያልነበረው ሰው ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ስሙ የለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ መውጫ ያለችውን ወለቃን እንውሰድ። ቤተ እስራኤሎች ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ፣ በሰው ርስት ላይ ጭሰኛ ሆነው ትውልድ በትውልድ ኖሩ። ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የአያታቸውን ቤት ፍለጋ ሲመጡ የርስት ወረቀት አይረዳቸውም። የሚረዳቸው የአካባቢው ገበሬ ነው፤ «አባባ፣ ማረሻዎን ማን ነበር የሚስልልዎ?» ብለው ሲጠይቁት በትሩን አንሥቶ ወናፉ የነበረበትን ቦታ የሚያሳያቸው። እዚያ አፈሩን ጫር ቢያደርጉት ከብረት የተረፈ ጥቁር ስብርባሪ ይወጣ ይሆናል።