ሳያም የሚያድግ የዓይን ውስጥ ዕጢ



በጉራጌ የዓይን በሽታ ሲባል ቀድመው የሚታወሱን ትራኮማና ሞራ ናቸው። የቡታጅራውን ግራርቤት ሆስፒታልም ብዙዎቻችን የምናውቀው በእነዚሁ ሕክምና ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን መስታወት ፊት ቢቆሙ የማይታይ ነው። ብርሃን ተቀብሎ ወደ አንጎል በሚልከው ሬቲና የተባለ ስስ ሽፋን ላይ የሚወጣ የደም ሥር ዕጢ ነው። አያምም፤ ዓይንንም አያቀላም።

ዕጢው ካንሰር አይደለም። ጉዳቱ ከማፍሰሱ ይመጣል። ግድግዳቸው የሳሳ የደም ሥሮች ተጠቅልለው ቀይ ኳስ ይሠራሉ፤ ከእነርሱ የሚወጣው ፈሳሽ በሬቲና ሥር ተጠራቅሞ ሬቲናውን ከቦታው ያላቅቀዋል። ሰው "ዓይኔ ደበዘዘ" የሚለው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ዕጢ በአብዛኛው በሌዘር ይከስማል፤ አንድ ቀጠሮ ላይበቃ ይችላል። ከዚያ ሲተልቅ በቅዝቃዜ ይቃጠላል። ሬቲናው ከተላቀቀ ቀዶ ሕክምና ይከተላል፤ የዕይታው ነገርም ያጠራጥራል። ዕጢው ከዓይን ነርቭ ጎን ከሆነ ሌዘሩ ራሱ ነርቩን ስለሚጎዳ ሐኪሙ መከታተልን ሊመርጥ ይችላል።

ታዲያ ማን ይመርመር? ዕጢው ብቻውን ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቮን ሂፕል ሊንዳው ከተባለ የዘር በሽታ ጋር ይያያዛል። ከ36 ሺህ ሰው አንዱን ገደማ የሚይዝ ነው። በሽታው ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው። የዓይኑ ዕጢ በአማካይ የሚታወቀው በ25 ዓመት አካባቢ፣ ማለትም በእኛው ዕድሜ ነው። አንጎልን፣ አከርካሪንና ኩላሊትንም ይነካል። ስለዚህ ከቤተሰብ የአንጎል ወይም የኩላሊት ዕጢ የወጣበት፣ ወይም በወጣትነቱ ዓይኑ የጠፋ ካለ ለሐኪም ንገሩ። ደህና ብታዩም የዓይን ብሌን በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናችሁ ይታይ። በሽታው ባለበት ቤተሰብ ምርመራው ከሕፃንነት ጀምሮ በየዓመቱ ነው። አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ ወደ ሬቲና ስፔሻሊስት ሪፈር ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለዚህ የታወቀ ነው።

ጠብታው ለሰዓታት ንባብ ስለሚያደበዝዝ ፈተና ባለበት ቀን አትቀጠሩ። በረመዳን ለምትሰጉ፣ በሻፊዒ መዝሀብ የዓይን ጠብታ ጾም አያፈርስም። "ዓይን ነው የነካው" ብሎ ሩቅያ ለሚያስደርግ ቤተሰብም ሩቅያውና ሌዘሩ አይጣሉም፤ ታከሙ ያሉን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

በቀዶ ሕክምና ዓይን ውስጥ ጋዝ የተሞላለት ሰው አንገቱን እንዴት እንደሚያደርግ ይታዘዛል። ሰጋጅ መሆናችሁን ቀድማችሁ ንገሩት፤ ሱጁድ ከከለከለ ተቀምጦ በምልክት መስገድ ይቻላል። ቤታችሁ እንደ ጉመር ባለ ደጋ ከሆነም ንገሩት፤ ጋዙ ከፍታ ላይ ሲወጡ ተለጥጦ የዓይን ግፊት ስለሚጨምር፣ ጋዙ እስኪጠፋ ከአዲስ አበባ ወደዚያ መውጣት አደገኛ ነው።